የአሥራ ስድስት ዓመቷ ባርባራ ጆንስና የፋርምቪል ተማሪዎች አድማ

ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል ሲነሣ በአብዛኞቻችን ሐሳብ ቀድመው የሚመጡት የሞንትጎመሪ አውቶቡስ፣ ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስና ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ናቸው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ወይዘሮ ፓርክስ ከመቀመጫዬ አልነሣም ከማለታቸው ከአራት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት በምትገኝ አንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ፣ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ የጀመረችው ነገር እስከ ሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም አንድ ታሪካዊ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ይህችን ልጅ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገሩ የተፈጸመው በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ ነው፤ የሙያ ባልደረቦቻችን የሆኑ መምህራንም ነበሩበት፤ ዋጋ የከፈሉም አሉ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ለማሳሰብ እወዳለሁ።

ከተማይቱ ፋርምቪል ትባላለች፤ የፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ዋና ከተማ ናት። አገሩ የትምባሆ አገር ነው። በ1865 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊያከትም ሲቃረብ የደቡቦቹ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሮበርት ሊ በሽሽት ያለፉት በዚች ከተማ በኩል ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላም ከዚያ ብዙ በማይርቀው በአፖማቶክስ እጃቸውን ሰጡ። በዚያ ጦርነት ባርነት ቢቀርም መለያየቱ አልቀረም። በ1902 የወጣው የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት ነጭና ጥቁር ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ በግልጽ ደነገገ። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ1896፣ የሚሰጠው አገልግሎት እኩል እስከ ሆነ ድረስ ዘርን መለየት ብቻውን ሕግን አይጥስም ብሎ ፈርዶ ነበር። እኩል የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ቀረ፤ መለየት የሚለው ግን በየመንደሩ በሥራ ላይ ዋለ።

ባርባራ ሮዝ ጆንስ የተወለደችው በ1935 በኒው ዮርክ ከተማ ነው። የቤተሰቡ መሠረት ፕሪንስ ኤድዋርድ ስለ ነበረ ገና በልጅነቷ ወደዚያው ተመለሰችና ዳርሊንግተን ሃይትስ በሚባለው የገበሬዎች መንደር፣ ከፊሉን ጊዜ በአያቷ ቤት፣ አደገች። አባቷ ገበሬ ነበሩ። እናቷ ደግሞ በሥራ ምክንያት ወደ ዋሽንግተን ይሄዱ ስለ ነበር፣ የአምስት ልጆች በኩር የሆነችው ባርባራ ታናናሾቿን አልብሳና አብልታ ወደ ትምህርት ቤት የመሸኘት ኃላፊነት ወድቆባት ነበር። በጠባይዋ ዝምተኛ፣ መጽሐፍ ወዳድና ብቸኝነትን የምትመርጥ እንደ ነበረች የሚያውቋት ሁሉ ይመሰክራሉ።

የዚህን ቤተሰብ መንፈስ ለመረዳት ግን በአጎቷ በቄስ ቬርኖን ጆንስ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። እኒህ ሰው በ1892 በዚያው መንደር ተወልደው፣ አብዛኛውን ዕውቀት በራሳቸው ጥረት ካገኙ በኋላ ከኦበርሊን ኮሌጅ በነገረ መለኮት የተመረቁ፣ ግጥሙንም ቅዱስ መጽሐፉንም በቃላቸው የሚያወርዱ ሊቅ ነበሩ። በአላባማ ክፍለ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ የዴክስተር ጎዳና ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ ይህን ቦታ የያዙት ወጣቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የተማሩና የደላቸው ጥቁሮች ነበሩ። ሰባኪያቸው ግን በእሑድ ስብከታቸው ስለ በደሉ ዝም ማለታቸውን እየጠቀሱ ይገሥጿቸዋል፤ ስብከቱ ሲያበቃ ደግሞ ከእርሻ ያመጡትን አትክልት በደጅ ይሸጡላቸዋል። ምእመናኑ በየትኛው የበለጠ እንዳፈሩ ለመናገር ያስቸግራል። አንድ ቀን በከተማው አውቶቡስ ለነጮች በተለየው ስፍራ ተቀምጠው አልነሣም ማለታቸውም ይነገራል። በመንደሩ ሱቅ ስለ ነበራቸው ባርባራ በዚያ ታግዛቸው ነበር፤ ከመጻሕፍቶቻቸውም ታነብ ነበር። አጎቷ ከማንም ሰው ጋር ቢሆን፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ሳይፈሩ መከራከራቸውን ከአጠገባቸው ቆማ ስትሰማ አደገች። ልጅ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ይማራል የሚባለው በዚህ ቤት እውነት ሆኗል።

ትምህርት ቤቱ የሮበርት ሩሳ ሞተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይባል ነበር። በ1939 ሲሠራ የታሰበው ለ180 ተማሪዎች ነበር፤ በ1951 ግን ከ450 በላይ ተማሪዎች ነበሩት። የምግብ አዳራሽ የለውም፤ የስፖርት አዳራሽ የለውም፤ የሳይንስ ቤተ ሙከራ ይሉት ነገር አይታሰብም። ወላጆች አዲስ ትምህርት ቤት እንዲሠራላቸው በተደጋጋሚ ቢጠይቁ የአውራጃው የትምህርት ቦርድ በግቢው ውስጥ ጊዜያዊ ክፍሎች አቆመላቸው። ክፍሎቹ ከእንጨት ተሠርተው ሬንጅ የተቀባ ወረቀት የተለበጠባቸው ስለ ነበሩ፣ ከመንገድ ሆኖ የሚያያቸው መንገደኛ የዶሮ ቤት ይመስሉታል። ዝናብ ሲዘንብ ጣራው ያፈሳል። በክረምት በምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ተማሪ ሲያልበው፣ በዳር ያለው ካፖርቱን ሳያወልቅ ይማራል። አንዳንድ ክፍሎች በአንዱ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ይማሩ ነበር፤ አንዱ ክፍል እንዲያውም በቆመ አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ ይሰጥ ነበር። መማሪያ መጻሕፍቱም በነጮቹ ትምህርት ቤት አገልግለው የተጣሉ ነበሩ። በጠባብ ክፍል ብዙ ተማሪ ይዞ ማስተማር ምን እንደሆነ ለማኅበራችን አባላት መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛልና በዚህ ልለፈው።

ባርባራ ይህን ሁሉ ለሙዚቃ መምህሯ ለወይዘሪት ኢኔዝ ዳቬንፖርት በምሬት ነገረቻቸው። መምህርቷም ታዲያ አንቺስ ለምን አንድ ነገር አታደርጊም ብለው ጠየቋት። ልጅቷ በመጀመሪያ ነገሩ እንደ ፌዝ ተሰምቷት ቅር ብሏት ሄደች። ጥያቄው ግን ከውስጧ አልወጣም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ማለዳ ታናናሾቿን አሰናድታ ከሸኘች በኋላ ምሳዋን ረስታ ወደ ቤት ስትመለስ አውቶቡስ አመለጣት። የሚያሳፍራት ሰው ፍለጋ በመንገድ ዳር አንድ ሰዓት ያህል ቆማ ሳለ የነጮቹ ተማሪዎች አውቶቡስ ግማሹ ባዶ ሆኖ በፊቷ አለፈ። መንገዱ አንድ ነው፤ የሚሄደውም ወደዚያችው ከተማ ነው። አንድ ነገር ለማድረግ የቈረጠችው በዚያን ቀን እንደ ነበረ ኋላ ራሷ ጽፋለች።

ብዙ ጸሐፊዎች ከዚህ በቀጥታ ወደ አድማው ይዘላሉ። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ በመካከሉ ያለው ጊዜ ነው። ከ1950 መጸው ጀምሮ እስከ ሚያዝያ 1951 ድረስ፣ ማለትም አንድ የትምህርት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው፣ ባርባራ ምስጢሯን ይዛ ሠራች። የተማሪዎች ምክር ቤት ሊቀ መንበር የነበረችውን ኬሪ ስቶክስን፣ ወንድሟን ጆን ስቶክስንና ሌሎች የታመኑ ጥቂት ተማሪዎችን መርጣ በስፖርት ሜዳው የተመልካቾች መቀመጫ ላይ ሰበሰበቻቸው። ዕቅዳቸውንም የአቶሚክ ቦምብ በምስጢር በተሠራበት ሥራ ስም «የማንሃታን ፕሮጀክት» ብለው ጠሩት። በመጀመሪያ በወላጆች ስብሰባ ላይ እየተገኙ የሚባለውን አዳመጡ፤ ታላላቆቹ ጥያቄ አቀረቡ፣ ቦርዱም ቀጠሮ ሰጠ፤ ደግመው ጠየቁ፣ ደግሞም ቀጠሮ ተሰጣቸው። ተማሪዎቹ ይህን ሁሉ ታግሠው ካዩ በኋላ ነው በራሳቸው መንገድ የሄዱት። ባርባራ ለወላጆቿ አልነገረችም፤ አብራት ለምታድረው ለታናሽ እኅቷ ለጆን እንኳ አልነገረችም።

ሚያዝያ 23 ቀን 1951 ሰኞ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 15 ቀን 1943 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከረፋዱ ላይ ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ለሚስተር ቦይድ ጆንስ ስልክ ተደወለ፤ ሁለት ተማሪዎች በከተማው አውቶቡስ ጣቢያ ችግር ላይ ወድቀዋል፣ ፖሊስ ሊይዛቸው ነው የሚል ነበር። ዳይሬክተሩ ደንግጠው ወጡ። በዚያው ቅጽበት በየክፍሉ፣ በእሳቸው ስም፣ ተማሪው ሁሉ ወደ አዳራሽ እንዲመጣ የሚያዝ ወረቀት ታደለ። ተማሪውና መምህሩ ተሰብስቦ መጋረጃው ሲገለጥ ግን በመድረኩ ላይ የቆሙት ዳይሬክተሩ አልነበሩም፤ ባርባራ ጆንስ ነበረች። እኅቷ ጆን እንደ ተናገረችው፣ ባየችው ነገር ከመደንገጧ የተነሣ በመቀመጫዋ ላይ ዝቅ ብላ ለመደበቅ ሞክራ ነበር።

ባርባራ በመጀመሪያ መምህራኑ አዳራሹን ለቀው እንዲወጡ ጠየቀች። ይህንም ያደረገችው ከነገሩ ነፃ እንዲሆኑ ነው። አንዳንዶቹ እምቢ ሲሉ ጫማዋን አውልቃ በወንበር ላይ እየመታች በኃይለ ቃል ደገመችው፤ ያንገራገሩትንም ተማሪዎች አጅበው አስወጧቸው። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ራሴን በዚያ አዳራሽ ውስጥ አድርጌ እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ ብገኝ ኖሮ፣ እንደ ልማዴ፣ ሥርዐት ለማስከበር እነሣ ነበር ብዬ እፈራለሁ። ከዚያም ባርባራ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ስሙን እየጠራች ተናገረች፤ አዲስ ትምህርት ቤት እስኪሠራ ድረስ ወደ ክፍል አንገባም አለች። እንታሰራለን ብሎ የፈራ ቢኖር የፋርምቪል እስር ቤት ይህን ሁሉ ተማሪ አይችልም የሚል መልስ ተሰጠው። ዳይሬክተሩ ተመልሰው ቢለምኑም አልሆነም። ተማሪው በየእጁ መፈክር የተጻፈበት ሰሌዳ ይዞ ወጣ።

በዚያን ዕለት ማታ ባርባራ ለአያቷ ያደረገችውን ነገረቻቸው። 450 ተማሪ አስከትዬ ከትምህርት ቤት ወጣሁ ብትላቸው አሮጊቷ ትንፋሻቸው ቆመ፤ ደግ የሠራሽ ይመስልሻል ወይ ብለው ጠየቋት። ይመስለኛል አለች። አልተቈጧትም።

ተማሪዎቹ በቄስ ፍራንሲስ ግሪፊን ምክር ለጥቁሮች መብት ለቆመው ብሔራዊ ማኅበር ጠበቆች ወደ ሪችመንድ ደብዳቤ ጻፉ። ጠበቆቹ ኦሊቨር ሂልና ስፖትስዉድ ሮቢንሰን ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ፋርምቪል ሲመጡ ልጆቹን አባብለው ወደ ክፍላቸው ሊመልሱ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ካገኟቸው በኋላ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። ቢሆንም አንድ ከባድ ነገር አስቀመጡባቸው። ማኅበሩ የተሻለ የጥቁር ትምህርት ቤት ይሠራልን የሚል ክስ አይዝም፤ የምትፈልጉት ከሆነ መለያየቱ ራሱ ይቅር ብላችሁ ክሰሱ፣ ወላጆቻችሁም ይስማሙ አሏቸው። ልጆቹ የጠየቁት ጣራ የማያፈስ ክፍል ነበር፤ የቀረበላቸው ደግሞ የአንድ ክፍለ ግዛት ሥርዐት ለመናድ መነሣት ነበር። በግንቦት መጀመሪያ በተደረገው ታላቅ የወላጆች ስብሰባ ላይ የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ዳይሬክተር ተነሥተው ነገሩ አደገኛ መሆኑን በመግለጽ ተቃወሙ። ብዙ ታላላቆችም ልባቸው አመነታ። በዚያን ጊዜ ባርባራ ተነሥታ፣ በእናንተ ተማምነን ነው የወጣነው፣ ማንም እንዳያስቆማችሁ ስትል ሰውዬውን በስማቸው ጠርታ መለሰች። ለታላቅ የሚሰጠውን ክብር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ንግግር ሻካራ ነው፤ ለእነርሱም ሻካራ ነበር። ስብሰባው ግን ልጆቹን ደግፎ ተበተነ። አድማው ግንቦት 7 ቀን አበቃ፤ ግንቦት 23 ቀንም በ117 ተማሪዎች ስም ክስ ተመሠረተ። በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የተጻፈችው ዶሮቲ ዴቪስ ስለ ነበረች ክሱ በእርሷ ስም ይጠራል።

ዋጋው ወዲያውኑ ይከፈል ጀመር። ሚስተር ቦይድ ጆንስ፣ ስለ አድማው የሚያውቁት ነገር እንደሌለ ቢናገሩም፣ ከዳይሬክተርነታቸው ተሰናበቱ። በባርባራ ላይ ዛቻ ስለ በረታ ወላጆቿ የመጨረሻውን ዓመት ትምህርቷን ትጨርስ ዘንድ ወደ ሞንትጎመሪ፣ ወደ አጎቷ ቤት ላኳት። ያስነሣችው ክርክር በሪችመንድ በሦስት ዳኞች ፊት በየካቲት 1952 ሲሰማ እርሷ በሌላ ክፍለ ግዛት ነበረች። ዳኞቹም በመጋቢት ወር፣ ሕንፃውን አሻሽሉ፣ መለያየቱ ግን ማንንም አልጎዳም ሲሉ በአንድ ድምፅ ፈረዱ። አዲሱ የሞተን ትምህርት ቤት በ1953 ሲከፈት የመጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰ ማለት ነው፤ እርሷ ግን አልተማረችበትም። በ1955 ደግሞ የቤተሰቡ ቤት ተቃጥሎ አመድ ሆነ።

ጉዳዩ በይግባኝ ከካንሳስ፣ ከደቡብ ካሮላይና፣ ከደላዌርና ከዋሽንግተን ከመጡት ክሶች ጋር ተጣምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ከአምስቱ መካከል በተማሪዎች አድማ የተጀመረው ይህ ብቻ ነበር። ግንቦት 17 ቀን 1954 የተሰጠው ፍርድ፣ በትምህርት ረገድ መለየት በራሱ እኩልነትን ያፈርሳል በማለት የ1896ቱን መንገድ ዘጋው።

ስለ ባርባራ ጆንስ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በዚህ ድል ላይ ይቆማል። የልጅቷን ጽናት ከሚቀጥለው ነገር ነጥሎ ማወደስ ግን ታሪኩን በግማሹ ማስቀረት ይመስለኛል። የቨርጂኒያ ፖለቲከኞች፣ በሴናተር ሃሪ በርድ መሪነት፣ ፍርዱን በሙሉ ኃይል ለመቃወም ተነሡ። ፕሪንስ ኤድዋርድ ደግሞ ከሁሉም አልፎ ሄደ። በ1959 ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ልጆችን አብሮ ማስተማር ግድ ነው ባለ ጊዜ የአውራጃው አስተዳደር ለትምህርት የሚሰበሰበውን ግብር አቋርጦ የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን ሁሉ ዘጋ። ለነጭ ልጆች ወዲያውኑ የግል ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ ለጥቂት ጊዜም ከመንግሥት ገንዘብ ይደጎም ነበር። ለጥቁር ልጆች የተዘጋጀ ነገር አልነበረም። ትምህርት ቤቶቹ ተዘግተው የቆዩት አምስት ዓመት ነው፤ ሜዳ ላይ የቀሩት ጥቁር ልጆች 1,700 ያህል ነበሩ። ጥቁር መምህራኑም ሥራቸውን አጡ።

አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ሌላ አውራጃ ዘመድ ቤት ሰደዱ። የኩዌከር ማኅበር ሰዎች ጥቂቶቹን በሌሎች ክፍለ ግዛቶች ከሚገኙ ቤተሰቦች ጋር አስቀመጡ። ቄስ ግሪፊንና ሌሎች በየቤተ ክርስቲያኑ ንባብ የሚለማመዱበት ቦታ ከፈቱ። የቀሩት በትምባሆ እርሻ ሥራ ጀመሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወደ ትምህርት አልተመለሱም። በፌዴራሉ መንግሥት ድጋፍ በመስከረም 1963 ነፃ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ከየክፍለ ግዛቱ መምህራን መጥተው 1,500 ያህል ተማሪ ተቀበሉ። በስድስት ዓመቱ ፊደል መቁጠር የነበረበት ልጅ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። እንዲህ ያለውን ተማሪ ከየት ጀምሮ ማስተማር እንደሚገባ ያሰቡት እነዚያ መምህራን ታሪካቸው ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 1964፣ በቄስ ግሪፊን ልጆች ስም በቀረበው ክስ፣ አውራጃው ትምህርት ቤቶቹን እንዲከፍት ወሰነ፤ በዚያው ዓመት መጸውም ተከፈቱ። የቨርጂኒያ ምክር ቤት ስለ መዘጋቱ የተሰማውን ጥልቅ ጸጸት በውሳኔ የገለጸው በ2003 ነው።

ለዚህ ሁሉ አድማውን ተጠያቂ ያደረጉ ሰዎች ነበሩ፤ ከጥቁሮቹም መካከል አልጠፉም። የዘጉት ግን የዘጉት ናቸው። ባርባራ ይህን ነቀፋ እንዴት እንደ ተሸከመችው በአደባባይ ብዙ አልተናገረችም።

እስካሁን «አንቺ» ያልናትን ልጅ ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ልንላቸው ይገባል። ባርባራ ጆንስ አትላንታ በሚገኘው በስፔልማን ኮሌጅ ጥቂት ከተማሩ በኋላ በ1954 ዊሊያም ፓወልን አግብተው በፊላደልፊያ ከተማ ኖሩ፤ አምስት ልጆችም ወለዱ። ልጆቻቸውን እያሳደጉ ወደ ትምህርት ተመልሰው በ1979፣ በ44 ዓመታቸው፣ ከድሬክስል ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። በፊላደልፊያ ትምህርት ቤቶች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሠርተዋል። ስለ ሚያዝያ 1951 ብዙ አያወሩም ነበር፤ በ16 ዓመታቸው ያንን አዳራሽ የሞላው ድምፅ በቤተ መጻሕፍት ጸጥታ ውስጥ ለብዙ ዓመት ኖረ። በ1991 በ56 ዓመታቸው ዐረፉ።

ቨርጂኒያ በዋሽንግተን በሚገኘው የምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ካቆመቻቸው ሁለት ሐውልቶች አንዱ፣ ከ1909 ጀምሮ፣ የጄኔራል ሮበርት ሊ ነበር። በታኅሣሥ 2020 ተነሥቶ በምትኩ የባርባራ ጆንስ እንዲቆም ተወሰነ፤ ሐውልቱም በታኅሣሥ 2025 ተመረቀ። ቀራፂው የሠሯት በ16 ዓመቷ ነው። በመናገሪያው አትሮኖስ አጠገብ ቆማ፣ አንድ የተቀዳደደ አሮጌ መጽሐፍ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛለች።